ከባሕር ማዶ የተሰየመች ደሴት፤ የጄጁ ስሞች ታሪክ

የቦታ ስም ከቦታው ይልቅ የሰያሚውን ነገር ይገልጣል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ ሰው ለሀገርም ሆነ ለተራራ ስም የሚያወጣው ከቆመበት ስፍራ ሆኖ በሚያየው መጠን ነውና፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው መንገደኛ «ማዶ» ብሎ የጠራው መንደር ለተወላጁ የገዛ ደጃፉ ነው። ለዚህ ነገር ምስክር ቢፈለግ፣ ከኮርያ ባሕረ ገብ መሬት በስተደቡብ የምትገኘው የጄጁ ደሴት ብቻዋን ትበቃለች። ደሴቲቱ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 73 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ የቆዳዋም ስፋት 1,849 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን፣ ከእሳተ ገሞራ ተወልዳ በመካከሏ 1,947 ሜትር ከፍታ ያለውን የሃላሳንን ተራራ አቁማለች። የእኛ ሀገር አንባቢ ኮርያን ባብዛኛው የሚያውቃት በቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ገድል ነው፤ ያ ገድል ግን የተፈጸመው በባሕረ ገቡ መሬት መካከል ባሉት ተራሮች በመሆኑ ይህች ደሴት ከዚያ ትረካ ውጭ ቀርታለች።

ጥንተ ስሟ ታምና ነው። የኮርያ ሊቃውንት ስለዚህ ስም ሥርወ ቃል ሲያትቱ «የደሴት ሀገር» ወይም «የደሴት መንግሥት» ወደሚል ፍች ያዘነብላሉ፤ ታምናም በእርግጥ የራሷ ገዥዎች የነበሯት፣ ከጎረቤት መንግሥታት ጋር መልእክተኛና ገጸ በረከት የምትለዋወጥ ግዛት ነበረች። ስለ አመሠራረቷ የሚነገረው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል፤ ጎ፣ ያንግና ቡ የተባሉ ሦስት ሰዎች ከምድር ቀዳዳ ወጥተው በአደን ሲኖሩ፣ ከባሕር ማዶ ሦስት ልዕልቶች ጥጃና ውርንጭላ፣ የአምስት ዓይነት እህልም ዘር ይዘው ደረሱላቸው፤ ከዚያም ሦስቱ ሰዎች ልዕልቶቹን አግብተው፣ ቀስታቸውን ስበው፣ ፍላጻው ባረፈበት ስፍራ ርስታቸውን ተከፋፈሉ። ወጡባቸው የሚባሉት ሦስት ቀዳዳዎች በጄጁ ከተማ ውስጥ ሳምሶንግህዮል በሚባለው ስፍራ ታጥረው ዛሬም ይከበራሉ። ፍላጻው የከፈለው ርስትም ኢልዶ፣ ኢዶና ሳምዶ ተብሎ፣ ይኸውም አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማለት ነው፣ በከተማው ሰፈሮች ስም ላይ ጸንቶ ቀርቷል፤ ስለዚህ ከባዕድ ሀገር መጥቶ በዚያ የሚኖር ሰው በአውቶቡስ ወደ ሥራው ሲሄድ ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው የፌርማታ ጥሪ፣ እርሱ ባያስተውለውም፣ የደሴቲቱ ኦሪት ዘልደት ነው።

ጄጁ የሚለው ስም የመጣው ነፃነቷ ካለፈ በኋላ ነው። በባሕረ ገቡ መሬት የነበረው የጎርዮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1105 ታምናን ከግዛቱ አንዷ ወረዳ ካደረጋት በኋላ፣ በ13ኛው ምዕት ዓመት ዛሬ የምትጠራበት ስም ወጣላት፤ ፍችውም በቻይና ፊደል አጻጻፍ «ጄ» ውሃ መሻገር፣ «ጁ» አውራጃ ማለት ስለሆነ፣ «ከባሕር ማዶ ያለች አውራጃ» እንደ ማለት ነው። ደሴቲቱ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው የገዛ ሀገሩን «ተሻግረው የሚደርሱባት» ብሎ ሊጠራ እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ስሙ መንበረ መንግሥቱ ባለበት ተቀምጦ፣ ግብር ቆጥሮ፣ ሹም ልኮ፣ መርከብ በሚጠብቅ ባለሥልጣን ዓይን የታየ ነው። ከዚያም በኋላ የመጣው ታሪክ ለስሙ የተስማማ ሆነ። ሞንጎሎች እ.ኤ.አ. በ1273 በደሴቲቱ የመሸገውን የመጨረሻ የጎርዮ ዐመፀኛ ጦር ድል ካደረጉ በኋላ ሣር የለበሰውን ምድሯን የፈረስ ማርቢያ አደረጉት፤ ከጎርዮ በኋላ የመጡት የጆሶን ነገሥታት ደግሞ ለግዞት መረጧት። ከዙፋኑ የተሻረው ጓንግሄጉን በዚያው በግዞት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1641 ሞተ፤ ሊቁና ቁም ጸሐፊው ኪም ጆንግ ሁዊም ከ1840 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል በዚያ ተግዞ ከጥድ ዛፎች ጋር ያለችውን ያችን በሀገሩ የከበረች የክረምት ሥዕሉን ሣለ። ደሴተኞቹ ራሳቸው ደግሞ ከ17ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ሁለት መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ያለ ፈቃድ ወደ ዋናው ምድር እንዳይወጡ በዐዋጅ ተከለከሉ፤ ስማቸው መሻገሪያ የሆነ ሰዎች መሻገር ተነፈጋቸው።

አውሮፓውያን የሰጧት ስም ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው። በቀድሞ የአውሮፓ ካርታዎች ላይ ይህች ደሴት ኬልፓርት ተብላ እናገኛታለን፤ ስሙም ከአንድ የሆላንድ መርከብ ስም እንደ መጣ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1653 ስፔርቨር የተባለው የሆላንድ መርከብ በማዕበል ተመትቶ ከዳርቻዋ ሲሰበር፣ ከሞት ከተረፉት 36 ሰዎች አንዱ የሆነው ጸሐፊው ሄንድሪክ ሃመል ለ13 ዓመት በኮርያ ምድር ተይዞ ከኖረ በኋላ በ1666 ወደ ናጋሳኪ አምልጦ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ ያ ጽሑፍ ለአውሮፓ አንባቢ ስለ ኮርያ የመጀመሪያው ሰፊ ዜና ሆኖ፣ ኬልፓርት የሚለውንም ስም አብሮ አስፋፋው። ይህ ስም የወጣው ከመርከብ ላይ ነው፤ ሰያሚዎቹም ከባሕር ሆነው ያዩትን ጥቁር የተራራ ጥላ እንጂ ከዳርቻው ወዲያ ማን እንደሚኖር አላወቁም።

ከደጅ ሆኖ የወጣ ስም የትኛው ነው ብንል «ኦሌ» የሚለው ነው። ኦሌ በጄጁ ልሳን ከአውራው መንገድ ተነሥቶ እስከ ቤቱ ደጅ የሚወስድ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ ካብ የተያዘ ጠባብ መንገድ ነው። ካቡ የሚሠራው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ ከእሳተ ገሞራ የቀረውን ስፖንጅ መሳይ ጥቁር ድንጋይ እርስ በርሱ በመደራረብ ሲሆን፣ በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት ይተዋል፤ ሰነፍ ሠራተኛ የሠራው ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን ደሴቲቱ ነፋስ የማይለያት ስለሆነች በክፍተቱ ነፋሱ ሾልኮ ያልፋል፣ ካቡም ሳይፈርስ ይኖራል። መንገዱም ቀጥ ብሎ ወደ ደጅ አይገባም፤ ነፋሱ ቤቱን ፊት ለፊት እንዳይመታው ትንሽ ይጠማዘዛል። በመንገዱ መጨረሻ፣ በር በሚጠበቅበት ስፍራ፣ ጆንግናንግ የሚባል አለ፤ ቀዳዳ ባላቸው ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች መካከል ሦስት መወርወሪያ እንጨቶች ይጋደማሉ። ሦስቱም ከወረዱ ባለቤቱ ቤት አለ፣ አንዱ ብቻ ከተጋደመ በቅርብ ይመለሳል፣ ሦስቱም ከተጋደሙ ርቆ ሄዷል ማለት ነው። ጄጁን ሌባ፣ ለማኝና በር የሌላት «የሦስት የለሽ» ደሴት የሚላት የቆየ ይትበሃል ከዚህ ጋር ይስማማል።

ይህንን የደጅ ስም ለመላው ደሴት ያወጣችው ጋዜጠኛዋ ሶ ምዮንግ ሱክ ናት። የደሴቲቱ ተወላጅ የሆነችው ይህች ሴት በስፔን ወደ ሳንቲያጎ የሚወስደውን የቀድሞ የተሳላሚዎች መንገድ በእግሯ ከተጓዘች በኋላ ወደ ትውልድ ሀገሯ ተመልሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያውን የኦሌ የእግር ጉዞ መንገድ ከፈተች፤ ዛሬ መንገዱ በ27 ክፍል ተከፍሎ 437 ኪሎ ሜትር ያህል ደሴቲቱንና በአጠገቧ ያሉትን ትናንሽ ደሴቶች ያካልላል። የመጀመሪያው ክፍል የሚነሣው ከሺሁንግ መንደር ሲሆን የዙሪያው ጉዞ የሚፈጸመው በጎረቤቷ በጆንግዳል ነው። ሺሁንግ የሚለው ስም መጀመሪያን፣ ጆንግዳልም መጨረሻ መድረስን ያመለክታል፤ በቀድሞው ዘመን አዲስ የተሾመ ሀገረ ገዢ ደሴቲቱን ሲጎበኝ ከሺሁንግ ተነሥቶ በጆንግዳል ይፈጽም ነበር ይባላል። እንግዲህ ሹሙ በፈረስና በአጀብ የዞረውን ዙሪያ ዛሬ ተራው ሰው በእግሩ ይዞረዋል። አቅጣጫ የሚያሳየውም የደሴቲቱ ፈረስ ነው፤ ጋንሴ የሚባለው የፈረስ ምስል ራሱን ወደሚሄዱበት አዙሮ ይቆማል፤ ስሙም በጄጁ ልሳን ሰነፍ ከሚለው ቃል የመጣ በመሆኑ ተጓዡን በዝግታ እንዲሄድ ይመክረዋል። በዛፍና በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተቋጠሩት ሰማያዊና ብርቱካንማ ሪባኖችም መንገዱን ሳያስቱ ያደርሳሉ።

ከባዕድ ሀገር መጥቶ በዚያ የሚኖር ሰው፣ መምህር ይሁን የመርከብ ወይም የእርሻ ሠራተኛ፣ ወደ ደሴቲቱ ሲገባ የሚያውቀው የማዶውን ስም ነው። ኑሮው ግን ቀስ በቀስ ወደ ደጁ ስም ይጎትተዋል። የቤት ኪራይ ሲጠይቅ በወር ሳይሆን ዮንሴ በሚባለው ልማድ የዓመቱን በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ይነገረዋል፤ ቤት ለመቀየር ሲያስብም ሺንጉጋንን ጠብቅ ይሉታል፤ ይህም በጥር መጨረሻና በየካቲት መባቻ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር፣ የሚውል ጥቂት ቀን ሲሆን፣ በሕዝቡ እምነት ምድርን የሚጠብቁት መናፍስት ሥራቸውን ሊያስረክቡ ወደ ሰማይ የሚወጡበትና የሰው መዘዋወር የማያስቀይማቸው ጊዜ ነው። ቀኑ በ2 እና በ7 በሚያልቅበት ዕለት በጄጁ ከተማ ትልቁ ገበያ ይቆማል፤ እዚያም ዓሣ የምትሸጠውን አሮጊት ምን ብሎ እንደሚጠራት ግራ ሲገባው «ሳምቹን» በላት ይሉታል። በዋናው ምድር ሳምቹን አጎት ማለት ነው፤ በጄጁ ግን ወንድም ሆነ ሴት፣ ዘመድም ሆነ ባዳ፣ በዕድሜ የሚበልጥ ጎረቤት ሁሉ የሚከበርበት መጠሪያ ነው። መንደሪን በሚለቀምበት ወራት ሳምቹኖቹ በፌስታል የሞላ መንደሪን ከደጁ አስቀምጠው ሲሄዱ፣ ባዕዱ ሰው ያለ ዐዋጅ የመንደሩ ሰው ሆኗል ማለት ነው። ጠዋት በባሕሩ ዳር ሲሄድም ሄንዮ የሚባሉት ጠላቂ ሴቶች ያለ አየር ማስተንፈሻ መሣሪያ ከጥልቁ ወጥተው ትንፋሻቸውን በፉጨት ሲያወጡ ይሰማል።

የእግር መንገዱ ግን ደስታን ብቻ አያሳይም። በ18ኛው የኦሌ ክፍል ላይ፣ ከጄጁ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከባሕሩ አፋፍ ጎኑልዶንግ የሚባል መንደር ነበረ፤ ዛሬ የቀረው የቤቶቹ መሠረትና የኦሌው ካብ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 3 ቀን 1948 በደሴቲቱ የተነሣው ዐመፅና እርሱን ተከትሎ መንግሥት የወሰደው እርምጃ እስከ 1954 ሲዘልቅ፣ የሞቱት ሰዎች ከ25,000 እስከ 30,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ጎኑልዶንግም በጃንዋሪ 1949 በወታደሮች ተቃጥሎ ጠፋ። ስለዚህ ነገር መናገር ለብዙ ዓመታት ያስቀጣ ነበርና፣ የደቡብ ኮርያ ፕሬዚደንት ሮ ሙ ህዩን መንግሥትን ወክለው ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መንደሩ ጠፍቶ ስሙ መትረፉ፣ ስሙን ይዘው የቆዩት ከደጁ የነበሩት ሰዎች ስለሆኑ ነው፤ በካርታ ላይ ብቻ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ከቤቶቹ ጋር አብሮ በጠፋ ነበር።

እንግዲህ ታምና የባለርስቱ፣ ጄጁ የሹሙ፣ ኬልፓርት የመርከበኛው፣ ኦሌ ደግሞ የባለቤቱ ስም ናቸው ብለን ብንደመድም ከሐቁ አንርቅም። ከአራቱም ሀገሩን ለማወቅ የሚረዳው የኋለኛው ነው፤ እርሱም በመጽሐፍ ሳይሆን በእግር የሚገኝ ነው። በባዕድ ምድር የምትኖር አንባቢ ሆይ፤ በምትኖርበት ሰፈር በሰሌዳ የተለጠፈውን ስም አጥንተህ አትርካ፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎች «እናንተስ ይህን ስፍራ ምን ትሉታላችሁ?» ብለህ ጠይቅ፤ የነገሩህንም ጻፈው። ኦሌን፣ ጋንሴንና ሳምቹንን የወለደው የጄጁ ልሳን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ልሳናት መካከል ተቈጥሯልና፣ ለመጠየቅ የተረፈው ጊዜ ብዙ አይደለም።