የሲልቪያ ፓንክረስት ዜና መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በባዕድ አገር ተወልደው ስለ ኢትዮጵያ የጮኹትን፣ ከሰማይ ቦምብ የሚያዘንቡትን ኃያላን ያለ ፍርሃት የወቀሱትን የሲልቪያ ፓንክረስትን ዜና እንጽፋለን። የምንጽፈውም በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሠፈር ሆነን ነው።

ትውልዳቸው እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ከተማ ነው፤ ዘመኑም 1874 ዓ.ም. ነበር። እናታቸው ኤመሊን ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የታገሉ ስመ ጥር ሴት ነበሩ። ሲልቪያም የሥዕል ትምህርት ተምረው ሳለ ወደ እናታቸው ትግል ገቡ። ብዙ ጊዜ ታሰሩ፤ በወህኒም እህል ውሃ እንቢ አሉ፤ ጠባቂዎቹም በግድ በቱቦ መገቧቸው። በ1906 ዓ.ም. ማብቂያ ታላቁ የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን እናትና ልጅ ተለያዩ። እናቲቱ ጦርነቱን ደገፉ፤ ልጂቱ አወገዙ። በምሥራቅ ለንደን ድሆች መካከልም ተቀምጠው ለተራቡ ሕፃናት ወተት አከፋፈሉ።

በ1924 ዓ.ም. መንግሥታት የጦር መሣሪያ ስለ መቀነስ ለመምከር በጄኔቭ ተሰበሰቡ። በዚያም በአውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብት ይጠበቅልን ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ሲልቪያም በዉድፎርድ ግሪን፣ በቤታቸው አጠገብ፣ የቦምብ መልክ ያለው የድንጋይ ሐውልት አቆሙ፤ መታሰቢያነቱንም ለእነዚያ ተከራካሪዎች አደረጉት፤ ይኸውም ለነቀፋ እንጂ ለክብር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጥቂት ቆይቶ ጉዳት ደረሰበት፤ በዚያው ዓመት እንደገና ተተክሎ ተመረቀ።

በዚያ ዓመት መስከረም 22 ቀን የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታል እንኳ አልተማረም። ቀጥሎም የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱና በባላገሩ ላይ ወረደ። ሲልቪያ በድንጋይ አስቀርጸው ያስጠነቀቁት ሁሉ በኢትዮጵያውያን ሥጋ ላይ ተፈጸመ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ሰሞን ሲልቪያ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጡ፤ ሃያ ዓመትም አሳተሙት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሕዝብ ታረደ፤ ጎጆው ከነሰዉ ነደደ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ተለቀቀበት። ይህን ግፍ ጋዜጣቸው ለዓለም አሰማ፤ ወራሪውን የሚዋጉትን አርበኞችም ደገፈ።

ጦርነትን የጠሉ ሴት ስለ ምን አርበኞችን ደገፉ የሚል ቢኖር፣ መልሱ እንዲህ ነው። ሰላምን መውደድና ለወራሪ ማጎንበስ አንድ አይደሉም። ድልድያችን በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም የጦር ሚኒስትር ሲሆኑ፣ አባ መላ እየተባሉ የሚወሱት በምክራቸውና በፍርዳቸው ነው። ጦር የሚያዝ ሰው መላን ሊያስቀድም ይችላል፤ ሰላም የሚሻ ሰውም በግፍ ከተወረረ ሕዝብ ጎን ሊቆም ይገባዋል።

ወደ ቀደመ ነገራችን እንመለስ። አገር ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ላረፉት ለንጉሠ ነገሥቱ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ለሚሠራው ሆስፒታል ሲልቪያ ገንዘብ አሰባሰቡ። በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔትም አቋቋሙ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን ወለተ ክርስቶስ ብላ ሰየመቻቸው። ከድልድያችን ወደ ምሥራቅ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አልፎ በሚገኘው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በአርበኞች መካነ መቃብር ተቀበሩ።

በእሳቸው ዘመን የቦምብ ነገር እጅግ ከፍቶ ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ሂሮሺማ፣ ነሐሴ 3 ቀንም ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ጠፍተዋል። ሲልቪያ ባረፉ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ወሰነ። ሐሳቡን በግንባር ቀደምትነት ካቀረቡት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።

ኢትዮጵያ ይህን የተናገረችው ከሰማይ የሚወርድን ሞት ቀምሳ ነው። ሲልቪያ ግን ስለ ሌላ አገር ሕዝብ ተናገሩ፤ ብልጫቸውም በዚህ ነው። ስለዚህ የካቲት 12 ቀን ሰማዕታቱን ስናስብ የእሳቸውንም ስም አብረን እንጥራ፤ በየትኛውም አገር ሕዝብ ላይ ቦምብ ሲወርድም ዝም እንዳይሉ ልጆቻችንን እናስተምር።