የሐረና ደንና አካባቢው

የሐረና ደን በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በኦሮሚያ ክልል፣ በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ተዳፋት ላይ የሚገኝ ሰፊ የተፈጥሮ ደን ነው። የላይኛው ክፍሉ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይካተታል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደኑ 3,200 ሜትር ገደማ ከሚደርስ ከፍታ ተነሥቶ እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። ጎብኚ ከላይ በብርድ ከገባበት ደን በሙቀት አገር የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

አቀማመጥና መንገድ

ወደ ሐረና የሚወስደው የተለመደው መንገድ በዲንሾ በኩል ነው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖሩት የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ ከቅርብ ርቀት ይታያሉ። መንገዱ ከዚያ በሮቤ አልፎ ጎባ ይደርሳል። ከጎባ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ሽቅብ ወጥቶ የሳነቴን አምባ ያቋርጥና በሐረና ገደል ተጠማዝዞ ወደ ሪራና ወደ ደሎ መና ይወርዳል።

የሳነቴ አምባ

ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በጅብራ፣ በነጭሎና በትናንሽ ኩሬዎች የተሸፈነ ሜዳ ነው። በላዩ የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት በባሌ ተራሮች ነው። ዋና ምግባቸው ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ግዙፍ ፍልፈል ነው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አፍ ራሱን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር ይነጭና ወደ ኋላ ተስቦ ይገባል። ቀበሮው ደረቱን መሬት አስነክቶ ቀስ እያለ ይጠጋና ፍልፈሉ ሣር በሚነጭበት ቅጽበት ዘሎ ይይዘዋል። ቀይ ቀበሮዎች የዱር አበቦችን የአበባ ማር ሲልሱ እንደሚታዩም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት ተገልጿል።

የደኑ እርከኖች

ከአምባው ጠርዝ በታች መጀመሪያ የሚመጣው የአስታ ዛፍ ነው። ጉም ስለማይለየው ግንዱ በሞስ ይሸፈናል፤ ከቅርንጫፎቹም የዛፍ ሽበት እንደ አዛውንት ጢም ተንጠልጥሎ ይታያል። ቀጥሎ ኮሶና አምጃ፣ ከዚያም የቀርከሃ ጫካ ይመጣል። ቀርከሃው የባሌ ጦጣ መኖሪያ ነው። ይህ ጦጣ ከአብዛኞቹ ዘመዶቹ በተለየ በዋናነት የሚመገበው የቀርከሃ ቅጠል ነው። ዝቅ ሲል ዝግባ፣ ቀረሮና ሌሎች ታላላቅ ዛፎች ጥላቸውን ያጠላሉ፤ ጉሬዛዎች ከጫፍ ወደ ጫፍ ይዘላሉ። በጫካው ውስጥ አንበሳና የዱር ውሻ እንደሚኖሩም ይታወቃል። በሌላ አገር የማይገኙ እንቁራሪቶችም አሉ።

በታችኛው እርከን ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የአካባቢው ነዋሪዎች የቀላውን ፍሬ በእጃቸው ለቅመው፣ ከመሬት ከፍ ባለ ማስጫ ላይ ጀንፈል እስኪሆን በፀሐይ ያደርቁታል። ረጃጅም ዛፎች ላይ ከሰቀሉት ቀፎም የጫካ ማር ይቆርጣሉ። ለሪራና ለአካባቢዋ ሰው ዛፉን ሳይቆርጡ ገቢ የሚገኝባቸው እነዚህ ሁለት ምርቶች ናቸው።

ውኃውና የአካባቢው መስሕቦች

አምባው የዝናቡን ውኃ አቁሮ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ደኑ ደግሞ አፈሩን ይዞ ጎርፉን ያበርዳል። ወደ ደቡብ የሚወርዱት ወልመልና ዱማል በሐረና በኩል አልፈው ወደ ገናሌ ይገባሉ። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው የወይብ ወንዝም ከዚሁ ተራራ ይመነጫል። ከተራራው የሚነሣው ውኃ በኢትዮጵያም በሶማሊያም ቆላ ለሚኖሩ ሚሊዮኖች መጠጥ፣ እርሻና ግጦሽ ነው።

ወይብን ተከትሎ የሚሄድ ጎብኚ ሁለት ታላላቅ ስፍራዎችን ያገኛል። አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚገኘው ፊንጫ ሀበራ ነው። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የድንጋይ መጠለያ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ይኖሩ እንደነበር፣ ግዙፉን ፍልፈልም እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ታውቋል። ሌላው ከሮቤ በስተምሥራቅ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ወንዙ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ 15 ኪሎ ሜትር የሚያህል መተላለፊያ ሠርቷል፤ ዓምድ የመሰሉ ድንጋዮች ያቆሙት አዳራሽም አለው። ስፍራው በሼህ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ የሙስሊሞች መንፈሳዊ ስፍራ በመሆኑ ጎብኚዎች ለሥርዓቱ አክብሮት ማሳየት ይጠበቅባቸዋል።

የጉብኝት ወቅትና ጥንቃቄ

ለጉዞ አመቺው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። ቀኑ ብራ ይሆናል፤ በሳነቴ ግን ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ልብስና ሙቀት የሚይዝ መኝታ ያስፈልጋል። ከዝቅተኛ ስፍራ ለመጣ ሰው ከፍታው ራስ ምታትና ድካም ሊያመጣ ስለሚችል በዲንሾ ወይም በጎባ ማደር ይበጃል። በክረምት በገደሉ ላይ ያለው መንገድ ጭቃና ጉም ይበዛበታል። ወደ ጫካው ሲገባ ከፓርኩ የተመደበ አስጎብኚ አብሮ መሄድ አለበት።

ሥጋቶችና ጥበቃ

ደኑን የሚጎዱት ሰፈራ፣ የእርሻ መስፋፋት፣ የከብት ግጦሽና ቃጠሎ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሣው እሳት በባሌ ደኖች ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል፤ ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ውሾች ይከተባሉ። ጎብኚ ውሻ ይዞ ባለመግባት፣ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ እሳት ባለማንደድና የአካባቢውን ቡናና ማር በመግዛት ለጥበቃው የበኩሉን ማድረግ ይችላል። የሐረና ህልውና የሚጸናው ነዋሪው ከቆመው ደን የሚያገኘው ጥቅም ደኑን መንጥሮ ከሚያገኘው ሲበልጥ ነው።