የቆየ ፊልም ሰብስቦ በቤት ስለ ማሳየት፤ ከመርጡለ ማርያም ዕቃ ቤት አንጻር

ፊልም በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው በመጋረጃ ላይ የሚታየውን ሥዕል ነው። ነገር ግን ፊልም አስቀድሞ ዕቃ ነው፤ በቆርቆሮ ሣጥን የሚቀመጥ፥ የሚሸጥ፥ የሚቀደድ፥ የሚሸትና የሚበሰብስ ዕቃ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ይህን ዕቃ በየቤታቸው ሰብስበው፥ በገዛ መኪናቸው እያሳዩ ደስ የሚሰኙ ሰዎች ለታሪክ ያደረጉትን ውለታ መመርመርና ልማዱ ለአገራችን የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ምርመራውን ከመርጡለ ማርያም መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም፥ በእነብሴ ሳር ምድር በምትገኘው በዚህች ደብር፥ በ1522 ያረፈችው ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፤ የተቀረጸው ድንጋይ ዛሬም ይታያል። የድንጋይ ሕንፃ እንኳ ሲፈርስ፥ ቀላልና በቀላሉ የሚበላሽ ብራና ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በምን ኀይል ነው? በአገራችን አድባራት ሁሉ መልሱ የዕቃ ቤት ሥርዓት ነው። ዕቃ ቤቱ ቁልፍ የሚይዝና ስለ ጐደለው የሚጠየቅ ሰው አለው። በመጽሐፉ ላይ የሰጪው ስምና የሰረቀውን የሚያወግዝ ቃል ይጻፋል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ መጽሐፉ ለአገልግሎት ይወጣል፤ በበዓሉ ቀን ሲነበብ ገጹ መላላቱ፥ ምስጥ መብላቱ፥ ዝናብ መንካቱ ይታወቃል። ስለዚህ ማኖር፥ መገልገልና መመርመር በዕቃ ቤት ዘንድ ሦስት ሥራ ሳይሆኑ አንድ ሥራ ናቸው። ፊልምንም ከጥፋት ያዳነው ይኸው የሦስቱ አንድነት መሆኑን ቀጥሎ እናያለን።

የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1895 በፓሪስ ሲኒማን ለሕዝብ ካሳዩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ አዲሱ መሣሪያ ወደ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገባ። ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው የሲኒማ አዳራሽ በአዲስ አበባ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በአገራችን ሲኒማ መጀመሪያ የታየው በአደባባይ ሳይሆን በቤት ውስጥ፥ በባለቤቱና በእንግዶቹ ፊት ነበር ማለት ነው።

በአውሮጳና በአሜሪካ ይህ የቤት ሲኒማ ከነገሥታት እልፍኝ ወደ ተራው ሰው ቤት የወረደው ጠባብ ፊልም ሲፈለሰፍ ነው። የፓቴ ኩባንያ በ1922 ዘጠኝ ሚሊሜትር ተኩል፥ ኮዳክ በ1923 ዐሥራ ስድስት ሚሊሜትር፥ በ1932 ደግሞ ስምንት ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ፊልም አወጡ። በትልልቅ አዳራሾች ይሠራበት የነበረው ፊልም በናይትሬት የተሠራ ስለ ነበረ፥ አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ በውኃ እንኳ አይጠፋም። ለቤት የተሠራው ግን በአሴቴት ላይ የታተመ ስለ ሆነ፥ ያለ ስጋት በሳሎን ሊታይ ቻለ። 400 ጫማ ርዝመት ያለው የ16 ሚሊሜትር ጥቅል፥ ድምፅ ላለው ፊልም በተወሰነው ፍጥነት ሲዞር፥ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል።

የሰብሳቢው ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ለክርክራችን ያስፈልጋል። ሰብሳቢው ፊልሙን ከማሳየቱ በፊት ጥቅሉን በእጁ ቀስ እያለ ያጠነጥናል፤ ጠርዙን በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ የተቀደደውን ቀዳዳና የላላውን መጋጠሚያ ይፈልጋል፤ የተበጠሰውን ይቀጥላል። ፊልሙ የሚያልፍበትን የመኪናውን በር ከአቧራ ያጸዳል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከዳር እስከ ዳር ልትጭረው ትችላለችና። ከዚህ በኋላ ብቻ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ፥ መብራቱን አጥፍቶ ያሳያል። የጐረቤት ሰው ይህን ጨዋታ ሊለው ይችላል፤ የዕቃ ቤት ጠባቂ ግን የገዛ ሥራውን ያውቅበታል።

የዚህም ፍሬ በሁለት ምሳሌ ይታያል። እንግሊዛዊው ኬቨን ብራውንሎ በ1954 ገና ልጅ ሳለ፥ አቤል ጋንስ በ1927 ከሠራው «ናፖሌዎን» ሁለት የዘጠኝ ተኩል ሚሊሜትር ጥቅሎች አገኘ። በቤቱ ያየው ሥዕል ስላስደነቀው፥ የቀረውን ከየአገሩ ሲለቅም ኖሮ ታላቁን ፊልም መልሶ አቆመው። ሁለተኛው የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ነው። ይህ ፊልም በ1927 ከታየ በኋላ ተቈራርጦ ነበር፤ ጠፋ የተባለው ክፍል በ2008 በቦነስ አይረስ ተገኘ። የተገኘው ማኑኤል ፔኛ ሮድሪጌዝ ከተባለ ሰብሳቢ እጅ ካለፈ ቅጂ ወደ 16 ሚሊሜትር ተገልብጦ ነው። በግልበጣው ጊዜ የአሮጌው ጥቅል ጭረት ሁሉ አብሮ ታትሟል፤ ሆኖም ከተጫረው ቅጂ በቀር ሌላ አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። የአዲስ አበባ አዳራሾች ከውጭ የሚመጡ ፊልሞችን ሲያሳዩ ኖረዋል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹም የአሜሪካ ማስታወቂያ አገልግሎት የ16 ሚሊሜትር ጥቅሎችን እያዞረ ያሳይ ነበር። የመብራት ኀይል በሌለበት ስፍራ እንዲህ ያለው ሥራ ጄኔሬተር ይጠይቃል። ጥቅሉ ግን የተመልካቹ አልነበረም፤ መጥቶ ታይቶ የሚሄድ እንግዳ ነበር። ስለዚህ በአገራችን መኪናውን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ በዛ፤ ጥቅሉን እንደ ራሱ ዕቃ የሚመረምርና የሚጠየቅበት ባለአደራ ግን አልበዛም።

ይህም ውጤት አስከትሏል። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮጳ ሲጓዙ የጎጃሙ ገዢ ራስ ኀይሉ ተክለ ሃይማኖት አብረው ነበሩ፤ መልእክተኞቹን የዜና ፊልም አንሺዎች አንሥተዋቸዋል። በጠላት ወረራ ዘመን የሉቼ ድርጅት ያነሣው በሮማ ይጠበቃል፤ የድርጅቱ የዜና ፊልሞችና ፎቶግራፎች በ2013 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ገብተዋል። በ1941 ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲመለሱ እንግሊዞች ያነሡት ደግሞ በሎንዶን አለ። የጎጃምን ሰው አረማመድና የፈረሱን ሽልማት በእንቅስቃሴው ለማየት የሚሻ ተማሪ ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበታል፤ ቢሻገርም የሚያየው የባዕድ ዓይን የመረጠውን ነው። የራሳችን ሥራዎችም አሉ፤ በ1964 «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ተሠርቷል፤ ኀይሌ ገሪማ በ1974 በ16 ሚሊሜትር ያነሡት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውም ፊልም ዕድሳቱን ያገኘው በኢጣልያ፥ በቦሎኛ ከተማ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፥ ጥቅሉን የገዛ ሰው የሥራውን መብት አልገዛም የሚለው ነው። በ1974 የአሜሪካ የፌዴራል መርማሪዎች የተዋናዩን የሮዲ ማክዳወልን ስብስብ ወርሰዋል፤ ብዙ ሰብሳቢዎች ሀብታቸውን የሚደብቁትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው፥ ሰብሳቢው ሲሞት ወራሾቹ የሣጥኑን ዋጋ ላያውቁ ይችላሉ የሚለው ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን የሚያስረዱት የግል ባለአደራ ብቻውን እንደማይበቃ ነው እንጂ እንደማያስፈልግ አይደለም። ብራናም ቢሆን በአንድ ሰው እጅ ተጽፎ፥ በአንድ ሰው ስም ተሰጥቶ ነው የማኅበር ሀብት የሚሆነው።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። አሴቴት ሲያረጅ የሆምጣጤ ሽታ ያወጣል፤ ይኰማተራል፥ ይጣመማል፤ ከሱ የሚወጣው ተን አጠገቡ ያለውንም ጥቅል ይጐዳል። ሙቀትና እርጥበት ይህን ያፋጥናሉ። የጎጃም ደጋ ብርድ በዚህ ረገድ ረዳት ነው፤ የክረምቱ እርጥበት ግን ጠላት ነው። ስለዚህ ጥቅል ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ቦታ ሊቀመጥ፥ የሸተተውም ከጤነኛው ሊለይ ይገባል።

ለባህል ጥናት የተሰለፉ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ባላገር ሲወርዱ ስለ ብራናና ስለ መስቀል ይጠይቃሉ። ስለ ፊልም ጥቅልም በየቤቱ፥ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ሊጠይቁ ይገባል። ያገኙትን ሳይመረምሩ በመኪና ላይ አይጫኑት፤ የደረቀ ጥቅል በአንድ ዙር ሊበጣጠስ ይችላልና። በሣጥኑም ላይ ከማን እንደ ተገኘ፥ ማን እንዳነሣው፥ የትና መቼ እንደ ሆነ፥ መጨረሻ የታየበትንም ቀን ይጻፉ። የመርጡለ ማርያም ካህን በብራናው ላይ የሰጪውን ስም ሲጽፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ስም የሌለው ዕቃ ጠያቂ የለውም፤ ጠያቂ የሌለውም ዕቃ ሲጠፋ የሚያውቅ አይኖርም።