የመኪና ጭረትና የሁለት ወረቀቶች ታሪክ

መኪናዎ ላይ ቁልፍ ወይም የሱፐርማርኬት ጋሪ ያሰመረውን ጭረት ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣብዎት ጥያቄ «ስንት ያስከፍለኝ ይሆን?» የሚለው ነው። በታክሲ ለምንተዳደር ሰዎች ጥያቄው ከእንጀራችን ጋር የተያያዘ ነው። ታዲያ የጭረት ጥገና የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩን ያወቀ ሰው በየሱቁ የሚደረደረውን የጭረት ማጥፊያ ሁሉ አምኖ አይገዛም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የሚቀቡት እንደ ፈረስ ሠረገላ ነበር። በዘይት የተበጠበጠ ቀለም በቡሩሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል፣ በመጨረሻም ቬርኒሽ ይደረብበታል። አንድ መኪና እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከባሩድ ፋብሪካ ነው። ጥጥ በአሲድ ሲነከር ኒትሮሴሉሎስ የሚባል ተቀጣጣይ ነገር ይሆናል። ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ጥይት የሚያስወነጭፈው ነገር መኪና ያሳምራል ስላቸው ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባሩድ በገፍ ያመረተው ዱፖንት፣ ከጦርነቱ በኋላ ከዚሁ ኒትሮሴሉሎስ ዱኮ የተባለውን ቀለም ሠራ። ጄኔራል ሞተርስም በ1923 ኦክላንድ የተባለውን መኪናውን በዱኮ ሰማያዊ ቀብቶ ለገበያ አቀረበ። የሳምንታቱ ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ።

የዱኮ ትልቁ ጸጋ ግን ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ቀለሙ የሚደርቀው ማቅጠኛው ተንኖ ሲያልቅ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ቀለም ሲረጭበት አሮጌው ጥቂት ይሟሟና ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። ጎበዝ ቀለም ቀቢ ጭረቱን ሞልቶ፣ ፈግፍጎ፣ ምልክት ሳይተው ይመልሰዋል። በእኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ ለጥገና እንደሱ የሚመች ቀለም አልመጣም።

መፈግፈጉ ግን ሰው ይጎዳ ነበር። ጋራዥ ውስጥ የብርጭቆ ወረቀት የምንለው ሸካራ ወረቀት በደረቁ ሲታሽ ቤቱ በአቧራ ይሞላል፤ በዚያን ዘመን ቀለም ውስጥ ደግሞ እርሳስ ነበረ፤ እርሳስ መርዝ ነው። ፍራንሲስ ኦኪ የተባለ የፊላዴልፊያ ቀለም ነጋዴ፣ የማተሚያ ቀለም ሠሪ ማለቴ ነው፣ ውሃ የማይፈታው ሸካራ ወረቀት ፈለሰፈ። ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ ነገሩን ያወቀው ሰውየው የድንጋይ ደቃቅ ናሙና ላኩልኝ ብሎ ስለጻፈለት ነው። ለምን ፈለገው ብለው ተከታትለው ፈጠራውን ከእጁ ገዙት፤ በ1921 ገበያ ላይ አወጡት። ውሃው አቧራውን ይይዘዋል፣ ወረቀቱም ቶሎ አይደፈንም። ዛሬም ጭረት የሚፈገፈገው በዚሁ ዓይነት ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ወረቀት የመጀመሪያው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሪቻርድ ድሩ የተባለ የዚሁ ኩባንያ ወጣት ሠራተኛ፣ የዚያን ወረቀት ናሙና ይዞ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ውስጥ ወደ አንድ ጋራዥ ሲሄድ ቀለም ቀቢዎቹ ሲራገሙ ሰማ። ጊዜው ባለሁለት ቀለም መኪና የሚወደድበት ነበር፤ አንዱን ቀለም ለመከለል የለጠፉት ወረቀት ሲነሣ የተቀባውን ይዞ ይነሣል። ድሩ ሲሞክር ቆይቶ በ1925 ቀለም ሳይልጥ የሚላቀቀውን የወረቀት ፕላስተር አወጣ። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ያስታውሱ፤ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት ያ ቀጥ ያለ መስመር የሚወጣው በእንዲህ ያለ መከለያ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ መኪና እንምጣ። ከ1980ዎቹ ወዲህ የብዙ መኪናዎች ቀለም ሁለት ሽፋን ሆኗል፤ ከታች ቀለሙ፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ሽፋን። ይህ የላይኛው ከደረቀ በኋላ እንደ ዱኮ በማቅጠኛ አይሟሟም፤ ስለዚህ አዲሱ አሮጌው ላይ ይጣበቃል እንጂ አይዋሐደውም። ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ 0.04 ወይም 0.05 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከጠጉር ይቀጥናል።

ጭረት የሚታየን ጠርዙ ብርሃን ስለሚበትን ነው። «ጭረት አጠፋሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጭረቱን አልሞላውም፤ ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ ሽፋን ፈግፍጎ እስከ ጭረቱ ድረስ ዝቅ አደረገው እንጂ። ሰዎች የሚመክሩት የጥርስ ሳሙናም ያንኑ ነው የሚሠራው፤ ውስጡ ደቃቅ መፈግፈጊያ አለውና። ከዚያች ቀጭን ሽፋን በየጊዜው ከተቀነሰ አንድ ቀን ታልቃለች፤ ያኔ ፀሐይ ቀለሙን ታነጣዋለች፣ ሂሳቡም የበር ወይም የኮፈኖ ሙሉ ቅብ ይሆናል።

ስለዚህ ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አግድም ይጎትቱ። ካልያዘው በደቃቅ ማለስለሻ የሚጠፋ ሊሆን ይችላል። ከያዘው መፈግፈግ አያዋጣም። ብረት ከታየ ደግሞ፣ በተለይ መንገዱ ጨው በሚረጭበት አገር ካሉ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቦታውን አጽድተው በትንሽ ቡሩሽ ይሸፍኑት፤ የቀለሙ መለያ ቁጥር በብዙ መኪናዎች ላይ የሾፌሩ በር ሲከፈት መቃኑ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።