በር ላይ የቆመው ጋኔን

ርዕሱን አይታችሁ “ይቺ ልጅ ጸበል ያስፈልጋታል” እንዳትሉኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ጋኔን ነው። ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ውስጥ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ፣ ማንም ሳያየው ከጀርባ ሆኖ የሚያገለግል ፕሮግራም “ዲመን” ይባላል። ስሙን በ1963 ያወጡለት የኤምአይቲ ሰዎች ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሐሳቡ ከፈጠረው፣ ትንሽ በር ላይ ቆሞ የጋዝ ቅንጣቶችን እየለየ ከሚያሳልፍ ጋኔን ነው የወሰዱት።

እኔን ከዚህ ጋኔን ጋር ያስተዋወቀኝ ለልምምድ የወጣሁበት መሥሪያ ቤት ነው። ሁላችንም የምንጽፈውን የምናስቀምጠው አንድ የጋራ ፎልደር ውስጥ ነበር። “ስሜን እንዳትገልጪ” ብላ ያነጋገረችኝን ሴት ማስታወሻ እዚያው አኖርኩት። በሳምንቱ አንድ ባልደረባዬ የሴትየዋን ስም ጠርቶ “እንዴት ናት?” አለኝ። ክው አልኩ። ማንም ሰብሮ አልገባም፤ በሩ መጀመሪያውኑ ክፍት ነበር።

የክፍቱ በር ታሪክ ረጅም ነው። በ1984 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤንኤፍኤስ የሚባል ዘዴ ሠራ። ሌላ ሕንፃ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ፋይል ፊታችሁ ባለው ማሽን ላይ እንዳለ ሆኖ ይከፈትላችኋል። ትልቅ እፎይታ ነበር። ችግሩ የዋህነቱ ነው። በተለመደው አሠራሩ የእናንተ ማሽን “ጠያቂው ተጠቃሚ ቁጥር 501 ነው” ካለ ሰርቨሩ ያምናል። መታወቂያ ሳያይ፣ በአፍ የተነገረውን ቁጥር ብቻ ሰምቶ ፋይል የሚያወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አስቡ። ፋይሉም በመስመሩ ላይ የሚጓዘው ሳይሸፈን ነው።

መቆለፊያ ጭራሽ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዩኒክስ “ክሪፕት” የሚባል ትዕዛዝ ነበረው። ግን ደካማ ከመሆኑም በላይ እያንዳንዱን ፋይል በእጅ መፍታት፣ ሠርቶ ሲጨርሱ ደግሞ መልሶ መቆለፍ ግድ ነው። ሰው ይሰለቻል፣ ይረሳል። የተፈታው ቅጂ እንደተፈታ ይቀራል።

በኖቬምበር 1993 የኤቲ ኤንድ ቲ ቤል ላብስ ተመራማሪ የነበረው ማት ብሌዝ ሲኤፍኤስ የተባለ ሥራውን ለጉባኤ አቀረበ። ብልሃቱ ይሄውላችሁ፦ የዩኒክስን አስኳል ሳይነካ፣ ለገዛ ማሽኑ የኤንኤፍኤስ ሰርቨር መስሎ የሚቀርብ ዲመን ሠራ። ባለቤቱ አንዴ የይለፍ ሐረጉን ያስገባል፤ ፋይሎቹ በግልጽ ይታዩታል። ሲጽፍ ዲመኑ ይቆልፋል፣ ሲያነብ ዲመኑ ይፈታል። ፋይሉ የሚቀመጠው ሩቅ ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ እዚያ የሚደርሰው የተመሰጠረው ብቻ ነው፤ የፋይሉ ስም እንኳ ሳይቀር። የሰርቨሩ ኃላፊ ፋይሉን ይጠብቃል፣ መጠባበቂያ ቅጂ ያወጣለታል። ማንበብ ግን አይችልም።

ቁልፉ ከግምጃ ቤቱ ወጥቶ ባለዕቃው እጅ ገባ ማለት ነው። ጊዜውንም ልብ በሉ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የአሜሪካ መንግሥት ክሊፐር የተባለ ቺፕ አስተዋውቆ ነበር። ስልካችሁ ይመሰጠራል፤ ትርፍ ቁልፉ ግን መንግሥት ዘንድ ይቀመጣል። በ1994 ይህን መንግሥት የሚገባበትን ቀዳዳ ማታለል እንደሚቻል ያሳየው ማን መሰላችሁ? ያው ብሌዝ ነው!

እርግጥ ጋኔኑ ሁሉን ቻይ አልነበረም። የፋይሎቹን መጠንና የተጻፉበትን ሰዓት አይደብቅም። ሐረጉ ገብቶ በሩ ክፍት ሳለ የእናንተን ማሽን የተቆጣጠረ ሰው ከእናንተ እኩል ያነባል። ሐረጉን የረሳ ደግሞ ፋይሉንም ይርሳው። መጀመሪያ የተገነባበት ዲኢኤስ የተባለው የምስጠራ ስልትም አረጀ፤ በ1998 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያሠራው ማሽን የዲኢኤስን ቁልፍ በ56 ሰዓት አገኘው።

ሐሳቡ ግን አላረጀም። በ1999 ዴቪድ ማዚዬሬስና የኤምአይቲ ባልደረቦቹ ኤስኤፍኤስን ይዘው መጡ፤ በዚህኛው የሰርቨሩ ማንነት ማረጋገጫ የፋይሉ አድራሻ ውስጥ ስለተጻፈ ሌላ ሰርቨር መስሎ ማታለል ከባድ ሆነ። በ2003 ኤንክኤፍኤስ ተከተለ። በ2005 ፊውዝ የሊኑክስ አስኳል ውስጥ ሲገባ፣ እንዲህ ያለ ዲመን ለመጻፍ ኤንኤፍኤስን መምሰል አላስፈለገም። ኤንኤፍኤስ ራሱም በመስመሩ ላይ የሚሸፈንበት መንገድ አግኝቷል፤ የቲኤልኤሱ ደንብ የወጣው በ2022 ነው። ይሄ ግን የሚጠብቀው መንገዱን ነው። ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ፋይሉ ይገለጣል።

ዛሬ ፎቷችንንም ምስጢራችንንም የማናውቀው አገር ያለ ሰርቨር ላይ እንጭናለን። “አይዟችሁ፣ የተመሰጠረ ነው” ሲሏችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

እኔ ያቺን ሴት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ማስታወሻዎቼንም አሁን የምቆልፈው ከላፕቶፔ ሳይወጡ ነው። ሐረጉን እናቴም አታውቀውም።