አሉሚኒየምን ከአረብ ብረት በሰበቃና ማማሰል መበየድ

የሰበቃና ማማሰል ብየዳ ወይም ፍሪክሽን ስተር ዌልዲንግ ብረታ ብረትን ሳያቀልጡ፣ በሚሽከረከር መሣሪያ አለስልሶና አማስሎ የማያያዝ ዘዴ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ አቅራቢያ በሚገኘው የብየዳ ኢንስቲትዩት ዌይን ቶማስና ባልደረቦቹ ፈጠሩት። መጀመሪያ የዋለው አሉሚኒየምን ከአሉሚኒየም ለመበየድ ነበር። በኋላ ግን በተለመደው ብየዳ የማይስማሙ ብረቶችን፣ በተለይም አሉሚኒየምንና አረብ ብረትን ለማያያዝ ማገልገል ጀመረ።

የማይስማሙበት ምክንያት

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ንጹሕ ብረት ግን የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ነው። በኤሌክትሮድ ለመበየድ ቢሞከር ብረቱ ሳይቀልጥ አሉሚኒየሙ ፈስሶ ያልቃል። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚብሰው ችግር ኬሚካላዊ ነው። ሁለቱ በከፍተኛ ሙቀት ሲገናኙ ኢንተርሜታሊክ የሚባሉ ውህዶችን ይሠራሉ፤ ለምሳሌ ሁለት የብረት አቶም ከአምስት የአሉሚኒየም አቶም ጋር የሚጣመርበት ውህድ አለ። እነዚህ ውህዶች ጠንካራ ቢሆኑም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ናቸው። ንብርብራቸው ከወፈረ ብየዳው በትንሽ ኃይል በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ጥቂት ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሁለቱ ብረቶች በእርግጥ መያያዛቸውን ያሳያል። ስለዚህ የሚፈለገው ውህዱን ማጥፋት ሳይሆን ማሳነስ ነው።

አሠራር

ሁለቱ ላሜራዎች ጎን ለጎን ተደርገው እንዳይንሸራተቱ በኃይል ይታሰራሉ። መሣሪያው ሰፊ ትከሻና ከትከሻው የሚወጣ አጭር ፒን አለው። እየተሽከረከረ መገጣጠሚያው ላይ ይወርድና በመስመሩ ይጓዛል። የትከሻው ሰበቃ የሚፈጥረው ሙቀት አሉሚኒየሙን እንደ ሊጥ ያለሰልሰዋል፣ ፒኑም እንደ ማማሰያ እያዞረ ወደ ኋላው ይወስደዋል። ሙቀቱ ከአሉሚኒየም መቅለጫ በታች ስለሚቆይ ውህዱ ቀስ ብሎ ያድጋል።

ተመሳሳይ ብረቶች ሲበየዱ ፒኑ መገጣጠሚያው መሐል ላይ ይሄዳል። እዚህ ግን አብዛኛው ክፍሉ አሉሚኒየሙ ውስጥ ሆኖ የብረቱን ጠርዝ ብቻ ይነካል። ይህ ንክኪ ብረቱን የሸፈነውን ስስ ኦክሳይድ ይፍቅና የለሰለሰው አሉሚኒየም በንጹሑ ገጽ ላይ እንዲጫን ያደርጋል። ፒኑ ብረቱን ካልነካ ኦክሳይዱ አይነሳም፤ ብዙ ከገባ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የብረት ፍርፋሪ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ይበተናል፣ ፒኑም ቶሎ ያልቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ሙከራ፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ላሜራዎች ላይ ጥሩው ውጤት የተገኘው ፒኑ ወደ ብረቱ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ሲገባ ነበር። መገጣጠሚያው ሲጎተት ጥንካሬው የአሉሚኒየም ቅይጡን 86 በመቶ ያህል ሆነ። ከፀጉር ጥቂት የሚበልጥ ልዩነት ብየዳውን ያበላሻል ማለት ነው።

ብረቱ ዘወትር የሚቀመጠው የፒኑ መሽከርከር ከጉዞው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሄድበት ጎን ነው።

በመኪና ላይ

ሆንዳ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን ዘዴ በብዛት በሚመረት መኪና ላይ፣ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠራው የ2013 አኮርድ የፊት ንዑስ ሻንሲ ላይ እንደሚጠቀም አስታወቀ። እዚያ ላሜራዎቹ ጎን ለጎን ሳይሆን አሉሚኒየሙ ከላይ ሆኖ ተደራርበው ነው የተበየዱት። እንደ ኩባንያው ገለጻ ክፍሉ ከአረብ ብረት ብቻ ከተሠራው በ25 በመቶ ቀለለ፤ ለብየዳ የሚውለው ኤሌክትሪክም በግማሽ ገደማ ቀነሰ።

ሌሎች ጥንዶች

አሉሚኒየምና መዳብ ለኤሌክትሪክ ማስተላለፊያዎች ይበየዳሉ፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ውህድ ከወፈረ ግን የኤሌክትሪክ መቋቋምን ይጨምራል። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ደግሞ ለየብቻ በ650 ዲግሪ አካባቢ ቢቀልጡም፣ ሲደባለቁ በ450 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ሊወጣቸው ይችላል። «ሳይቀልጥ» የሚለው ትርጉም እዚህ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም።

ጉድለቶች

ፒኑ ሲነሳ በመስመሩ መጨረሻ ቀዳዳ ይቀራል። ማሰሪያውና ማሽኑ ከባድ ስለሆኑ ዘዴው ለመስክ ጥገና አያመችም። በመገጣጠሚያው ውኃ፣ በተለይም ጨው ያለበት ከገባ፣ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ይሠሩና አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው በማሸጊያ ወይም በቀለም ይሸፈናል።