መብራት ያልገባላት ከተማ፦ የጆንሰን ሲቲ ልጅነት

ጆንሰን ሲቲ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ከኦስቲን በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፔደርናሌስ ወንዝ አካባቢ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1879 የቆረቆራት ጄምስ ፖልክ ጆንሰን ሲሆን ስሟንም ያገኘችው ከእሱ ነው። በ1890 የብላንኮ አውራጃ መቀመጫ ብትሆንም ባቡር አልገባላትም፤ ለብዙ ዓመታትም ከጥቂት መቶ የማይበልጡ ሰዎች ኖረውባታል። ስሟ በዓለም የታወቀው 36ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ስላደገባት ነው። የአካባቢው ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ይበልጥ የሚታወቀው ግን ውሃ ሲቀዱና እንጨት ሲፈልጡ ካደጉ ሰዎች ትዝታ ነው።

ኮረብታማው አገር የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች ያማለላቸው በረጅም ሣሩ ነበር። ሣሩ የበቀለበት አፈር ግን ከበሃ ድንጋይ በላይ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነበር። ከብት ሲበዛበት ሣሩ አለቀ፣ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው፣ ባዶውንም መሬት የጥድ ቁጥቋጦ ወረሰው። የሊንደን አያት ሳም ኢሊ ጆንሰንና ወንድሙ ቶም ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከብት እየሰበሰቡ እስከ ካንሳስ ግዛት እየነዱ ይሸጡ ነበር። መነሻቸው የነበረችው የግንድ ቤት ኋላ ከተማዋ በተቆረቆረችበት ቦታ ላይ ዛሬም ቆማለች። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገበያው ከድቷቸው ከሰሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ በዚያ ስስ አፈር ላይ ጥጥ እየዘራ ኑሮውን ለመግፋት ተገደደ።

የልጅነት ትዝታ በዚህ አገር ከሁሉ በፊት የውሃ ትዝታ ነው። የሊንደን ጆንሰንን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ሮበርት ካሮ የጠቀሰው የመንግሥት ጥናት እንደሚለው አንድ የገበሬ ቤተሰብ በቀን 200 ጋሎን፣ ማለትም 750 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጅ ነበር፤ በዓመት ሲሰላ ከ270 ቶን በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከጉድጓድ በባልዲ ተስቦ ወደ ቤት የሚጓዘው በሰው ጉልበት ነው። ወንዶቹ እርሻ ላይ ስለሚውሉ ሥራው የሚወድቀው በሴቶችና በልጆች ላይ ነበር። አንዳንዶቹ ቀንበር በትከሻቸው አጋድመው በሁለቱም ጫፍ ባልዲ ያንጠለጥሉ ነበር። ካሮ በ1970ዎቹ ያነጋገራቸው አሮጊቶች ገና በወጣትነታቸው የጎበጡት በዚህ ሸክም እንደሆነ ነግረውታል። ከመካከላቸው አንዷ የከተማ ልጅ የውሃ ክብደት እንደማይገባው ስላወቀች የድሮ ባልዲዋን አውጥታ ራሱ ከጉድጓድ እንዲስብ አድርጋዋለች። እንስራ ተሸክሞ ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሰኞ የልብስ አጠባ ቀን ነበር። ውሃው ደጅ በተነደደ እሳት ላይ ይፈላል፤ ልብሱ በእንጨት እየተማሰለ ከገንዳ ወደ ገንዳ ይተላለፋል። በቤት ውስጥ ከአሳማ ሞራ የሚሠራው ሳሙና ደግሞ እጅ ይልጥ ነበር። ማክሰኞ የካውያ ተራ ነው። ካውያው 3 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድፍን ብረት ሆኖ በእንጨት ምድጃ ላይ ይግላል፤ ደቂቃዎች ሳይቆይ ስለሚበርድ ሌላው ተነስቶ እሱ ይመለሳል። የቴክሳስ በጋ ቃጠሎው ከባድ ስለሆነ ምድጃው ቀኑን ሙሉ በሚነድበት ክፍል ውስጥ ቆሞ መተኮስ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ፍራፍሬ በማሰሮ ታሽጎ ለክረምት የሚቀመጠውም በዚሁ ሙቀት ነበር፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የደረሰ ፍሬ ነገ አይባልለትም። ልጆች ማገዶ ያቀርባሉ፣ ጎህ ሳይቀድ በፋኖስ ላም ያልባሉ፣ ማታ በላምባ መብራት ያጠናሉ።

ልጅነት ለሁሉም አንድ ዓይነት አልነበረም። በዚያው በብላንኮ አውራጃ ውስጥ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች የመሠረቱት ፔይተን ኮሎኒ የሚባል መንደር አለ። የቴክሳስ የ1876 ሕገ መንግሥት የነጭና የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት የተለያየ እንዲሆን ያዝዝ ስለነበር፣ የአንድ አውራጃ ልጆች ሳይተዋወቁ ያድጉ ነበር።

የጆንሰን ቤተሰብ ወደ ከተማዋ የገባው ሊንደን 5 ዓመት ሲሆነው፣ በ1913 ነው። አባቱ ትንሹ ሳም የግዛቱ ምክር ቤት አባል ነበር። እናቱ ርብቃ ቤይንስ የተማረች ሴት ስለነበረች የከተማዋን ልጆች ንግግርና ክርክር ታስተምር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጥጥ ዋጋ ሰማይ ሲነካ አባትየው የቤተሰቡን የቀድሞ እርሻ በውድ ገዛ። በ1920 ዋጋው ወደቀ። እርሻው ተሸጠ፣ ቤተሰቡ ዕዳ ተሸክሞ ወደ ጆንሰን ሲቲ ተመለሰ። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅባት ከተማ ውስጥ የሰው ኪሳራ አይደበቅም፤ ትናንት በአክብሮት ሰላም ይባል የነበረው ምክር ቤተኛ የመንደር ወሬ ሆነ። ሊንደን በ1924 ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ የክፍሉ ተመራቂዎች 6 ብቻ ነበሩ። ቆየት ብሎም በመንገድ ሥራ የጉልበት ሠራተኛ ሆኗል።

ለውጡ የመጣው በኤሌክትሪክ ነው። የግል ኩባንያዎች ቤቶቹ ተራርቀው ስለሚገኙ አያዋጣንም ብለው ገጠሩን ትተውት ነበር። በ1935 የተቋቋመው የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤትም ቢሆን በአንድ ማይል ቢያንስ 3 ደንበኛ ካልተገኘ አያበድርም ነበር። በ1937 የኮንግረስ አባል የሆነው ሊንደን ጆንሰን ጉዳዩን እስከ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ድረስ ይዞት ሄደ። በ1938 የፔደርናሌስ ኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወርም ከ2,800 በላይ ለሚሆኑ ቤተሰቦች መስመር የሚዘረጋበት ብድር ተፈቀደ። የምሰሶው ጉድጓድ ድንጋይ እየተፈለጠ በእጅ ተቆፈረ። ቤቶቹ ሽቦ ተዘርግቶላቸው ከቆዩ በኋላ፣ በኅዳር 1939 መብራቱ መጣ። አንድ ቤተሰብ ከከተማ ሲመለስ ቤቱ በርቶ ቢያየው እናቲቱ ተቃጠልን ብላ ደነገጠች።

ስለዚህ ዘመን የሚነገረው ትዝታ ሁሉ እኩል አይታመንም፤ ከሁሉ ያነሰ እምነት የሚጣልበት ደግሞ የታላቁ ሰውዬ የራሱ ወሬ ነው። ጆንሰን በ1966 ኮሪያ ውስጥ ለወታደሮች ሲናገር ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በቴክሳስ ታሪክ ዝነኛ በሆነው የአላሞ ጦርነት እንደሞተ ገልጿል፤ እንዲህ ያለ ቅድመ አያት ግን አልነበረውም። ካሮ የሊንደንን ወንድም የሳም ሂውስተን ጆንሰንን ወሬም መጀመሪያ አላመነውም። ስለዚህ ለጎብኚ ክፍት ወደሆነው የልጅነቱ ቤት ጎብኚዎች ከሄዱ በኋላ ወሰደው፤ በራት ገበታው ላይ በልጅነት ወንበሩ አስቀምጦ ራሱ ከጀርባው ተቀመጠ፣ የአባትና የልጅን ጭቅጭቅም እንዲያስታውስ ጠየቀው። ሰውዬው ቀስ በቀስ ድምፁ ተለውጦ የዚያን ዘመን ክርክር ይተርክ ጀመር። ቀድሞ የነገረውን አስቂኝ ታሪክ እንዲደግምለት ሲጠየቅ ግን ያ ሁሉ እንዳልሆነ አመነ። ካሮ ይህን ሁሉ ለመሰብሰብ ከባለቤቱ ጋር 3 ዓመት ያህል እዚያው አገር ኖሯል፤ የጻፈው የሕይወት ታሪክ የመጀመሪያው ቅጽ በ1982 ታተመ።

የጆንሰን የልጅነት ቤት አሁን በብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክነት ተጠብቆ ለጎብኚ ክፍት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ዋና መሥሪያ ቤት እስካሁን በጆንሰን ሲቲ ይገኛል፤ በደንበኛ ብዛት በአሜሪካ ካሉት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሁሉ ትልቁ ነው።